አፈርን በላስቲክ ስለ ማሞቅ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ሰሞን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ ናቸው፦ ብርዱ ገና ሳይለቅ አፈርን በፕላስቲክ ሽፋን፣ አብዛኞቻችን በምንጠራው ስም በላስቲክ፣ ሸፍኖ በማሞቅ ሰብልን ቀደም አድርጎ ስለ ማድረስ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ፣ የሚመሳሰሉትንም አንድ ላይ አድርጌ አቅርቤያለሁ። አንዳንዱ ጥያቄ በአንድ መስመር የሚያልቅ ነው፤ አንዱ ግን ለረጅም ጊዜ ሳስብበት የኖርኩት ስለ ሆነ መልሱ ረዝሟል።

ጥያቄ፦ ጎረቤታቸው ጥቁር ላስቲክ ሲዘረጋ እርሳቸው ግን ብርሃን የሚያሳልፈውን ጥርት ያለውን እንዲወስዱ የተመከሩ አንድ አንባቢ፣ ጥቁር ነገር ሙቀት ይስባል ሲባል ሰምተው ስላደጉ ምክሩ አልዋጥ ብሏቸዋል። የትኛው ነው ይበልጥ የሚያሞቀው?

መልስ፦ ጥርት ያለው ነው። ጥቁር ነገር የፀሐይን ብርሃን መዋጡ እውነት ነው፤ ነገር ግን በቅድሚያ የሚሞቀው ራሱ ላስቲኩ ነው። ያገኘውን ሙቀት ለአፈሩ የሚያቀብለው ከአፈሩ ጋር ገጥሞ በተኛበት ቦታ ብቻ ሲሆን፣ የቀረውን ነፋሱ ጠርጎ ይወስደዋል። ጥርት ያለው ላስቲክ ግን ብርሃኑን አሳልፎ በቀጥታ አፈሩ ላይ እንዲያርፍ ያደርጋል፤ አፈሩ ሞቆ መልሶ የሚለቀውን ሙቀትም እንዳይወጣ ከውስጥ ያፍነዋል።

ይህ አፈና የሚከናወነው ብዙዎች በማይጠረጥሩት ነገር ነው። ጧት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ወደ መደቡ ጎንበስ ብለው ቢመለከቱ፣ በላስቲኩ የውስጥ ገጽ ላይ ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ የውሃ ጠብታዎች ጥቅጥቅ ብለው ተለጥፈው፣ ሽፋኑ ጉም እንደ ለበሰ መስታወት ነጥቶ ያገኙታል። ከላይ በጣትዎ መታ ቢያደርጉት ጠብታዎቹ እርስ በርስ ተዋሕደው ወደ አፈሩ ይወርዳሉ፤ ብዙም ሳይቆይ ሌሎች ይተካሉ። አንዳንድ ሰዎች ይህ ላቦት ብርሃን የሚከለክል እየመሰላቸው ላስቲኩን ገልጠው ሲያራግፉ አይቻለሁ። አያድርጉት። ፖሊኢትሊን የሚባለው የላስቲኩ ቁስ ብቻውን ሲሆን ከአፈር የሚወጣውን የሙቀት ጨረር በአብዛኛው ያሳልፈዋል፤ ያን ጨረር የሚያግደው የተለጠፈው ውሃ ነው። ስለዚህ ደረቅ አፈር ላይ የተዘረጋ ጥርት ያለ ላስቲክ ሥራውን በግማሽ ልብ እንደሚሠራ ሠራተኛ ነው።

በቁጥር ለማስቀመጥ፣ ቀን ላይ ካልተሸፈነ አፈር ጋር ሲነጻጸር፣ በ5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ጥቁሩ ወደ 3 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጨምር ጥርት ያለው ከ4 እስከ 8 ዲግሪ ይጨምራል። በ10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ደግሞ ጥቁሩ ወደ 2 ዲግሪ፣ ጥርት ያለው ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ያስገኛል። ይህ ሁሉ ሲባል የጎረቤትዎ ምርጫ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። ለዘርዎ የተመቸው ሙቀትና ብርሃን ለአረምም የተመቸ ነው፤ ጥርት ባለው ላስቲክ ሥር አረሙ ሽፋኑን እስኪያነሣው ድረስ ይበቅላል። አረም የበዛበት መሬት ካለዎት ጥቁሩን ይምረጡ። በሁለቱ መካከል የሚቆም አረንጓዴ ወይም ቡናማ ላስቲክም አለ፤ አረም ለማደግ የሚፈልገውን ብርሃን በአብዛኛው አስቀርቶ የሚያሞቀውን ጨረር ስለሚያሳልፍ፣ ካገኙት ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ አንዱ ገጹ ብርማ፣ ሌላው ጥቁር የሆነ ላስቲክ የትኛው ወደ ላይ ይሁን?

መልስ፦ ብርማው ወደ ላይ፤ ነገር ግን ይህ ላስቲክ የተሠራው ብርሃን መልሶ እንደ ክሽክሽና ነጭ ዝንብ ያሉ ተባዮችን እንዲያሸሽ እንጂ አፈር እንዲያሞቅ አይደለም።

ጥያቄ፦ ላስቲኩ ከመዝራት ወይም ችግኝ ከማዛወር ስንት ቀን ቀድሞ ይዘርጋ?

መልስ፦ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት። ሆኖም ቀን ከመቁጠር ይልቅ አፈሩን መለካት ይሻላል፤ ይህንን ደጋግሜ የምናገረው አየሩ ሞቀ ተብሎ ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ተዘርቶ የጠፋ ዘር ብዙ ስላየሁ ነው። የአፈር ቴርሞሜትር በ5 እና በ10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ሰክተው፣ ሙቀቱ ዝቅ በሚልበት በጧቱ ሰዓት ለሦስት ወይም ለአራት ተከታታይ ቀናት ይለኩ። ጥቂት ዲግሪ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ለመረዳት የቲማቲምን ዘር ይመልከቱ፦ በ10 ዲግሪ ለመብቀል 43 ቀን ገደማ ይወስድበታል፣ በ15 ዲግሪ 14 ቀን፣ በ20 ዲግሪ 8 ቀን፣ በ25 ዲግሪ 6 ቀን። ከ10 ወደ 15 መውጣት አንድ ወር ገደማ ያተርፋል፤ ከ20 ወደ 25 መውጣት የሚያተርፈው ግን ሁለት ቀን ብቻ ነው። ላስቲክ ዋጋውን የሚመልሰው አፈሩ ቀዝቃዛ በሆነበት ጊዜ ነው፤ አፈርዎ አስቀድሞ ሞቃት ከሆነ ለማሞቅ ብለው አይድከሙ።

ጥያቄ፦ አንድ አንባቢ በብስጭት ጽፈዋል። ጥቁር ላስቲክ ዘርግተው፣ በሳምንቱ ለክተው፣ ከተሸፈነውና ካልተሸፈነው መሬት ምንም ልዩነት አላገኙም። የሚባለው ሁሉ ወሬ ነው ወይ ይላሉ።

መልስ፦ ብስጭትዎ ይገባኛል፤ መለካትዎንም አከብራለሁ። ነገር ግን በደብዳቤዎ መሬቱን «ከነጓሉ» እንደ ሸፈኑትና ዝናብ ከጠፋ እንደ ሰነበተ ገልጸዋል፤ መልሱ እዚያው ውስጥ አለ። ከላይ እንዳልኩት ጥቁር ላስቲክ ሙቀት የሚያቀብለው ሲነካ ብቻ ነው። ጓል ላይ የተንጠለጠለ ላስቲክ ሥሩ በሙሉ አየር ነው፤ አየር ደግሞ ሙቀት አያስተላልፍም፣ እንዲያውም ይከላከላል። ደረቅ አፈርም በቅንጣቶቹ መካከል አየር ስለሞላው፣ ላዩ ላይ የደረሰችው ጥቂት ሙቀት እንኳ ወደ ታች አትወርድም። መደቡን አለስልሰው፣ ጓሉን ፈጭተው፣ ላዩን ለጥ አድርገው አስተካክለው፣ መሬቱን አጠጥተው፣ ውሃው ሲሰርግ ላስቲኩን እንደ ከበሮ ቆዳ ወጥረው ይዘርጉ፤ ዳርና ዳሩንም ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ቦይ ቀብረው በእግርዎ ይርገጡት። ነፋስ ሲመጣ የሚርገበገብ ላስቲክ አላሞቀም ማለት ነው። እባክዎ እንደገና ይሞክሩና ልኬቱን ይጻፉልኝ።

ጥያቄ፦ ላስቲክ ለሁሉም ሰብል ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም፣ ሊሆንም አያስፈልግም። ሙቅ አፈር የሚወዱት ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ኪያር፣ ሐብሐብ፣ ባሚያና በቆሎ ናቸው። አተር፣ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን በቀዝቃዛ አፈር የሚኖሩ ስለሆኑ ድካሙ ብዙ አያተርፍላቸውም። የሰላጣ ዘር አፈሩ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ መብቀል ሊያቆም ይችላል፤ ድንችም አፈሩ ሲግል ጥሩ ሥር አይቋጥርም።

ከእነዚህ ሁሉ በቆሎ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። የበቆሎ ቡቃያ ከመሬት ወጥቶ አምስት ስድስት ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ፣ አዲስ ቅጠል የሚፈጠርበት የማደጊያ ጫፉ ከአፈር በታች ነው። ዓይናችን የሚያየው ቅጠል አየር ላይ ሆኖ ሳለ፣ ዕድገቱን የሚወስነው ግን ጫፉ ያለበት የአፈሩ ሙቀት ነው። በመስክ የሚሠራ ሰው በተሸፈነና ባልተሸፈነ መስመር መካከል በበቆሎ ላይ የሚያየው ልዩነት ለምን ያን ያህል ጎልቶ እንደሚታይ ይህ ያስረዳል፤ ጥርት ያለው ላስቲክ ለበቆሎ የሚመከረውም ለዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ በጥቁር ላስቲክ ያዛወሯቸው የቃሪያ ችግኞች ግንዳቸው ከመሬት አጠገብ ቀጥኖና ጠቁሮ መውደቅ ጀምሯል። አንባቢያችን በሽታ መሆኑን ወይም ሙቀት መሆኑን እንድነግራቸው ይፈልጋሉ።

መልስ፦ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ነገር ግን ከደብዳቤ ተነሥቼ ልፈርድ አልችልም። ሙቀት ከሆነ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ቀዳዳው ነው። ቀዳዳው ጠባብ ሲሆን የላስቲኩ ጠርዝ ግንዱን ይነካል፤ ቀን ላይ የጋለው ጠርዝ ለጋውን ግንድ እንደ ጋለ ብረት ይጠብሰዋል። ከላስቲኩ ሥር የታፈነው ሙቅ አየርም መውጫው በዚያችው ቀዳዳ ስለ ሆነ ችግኙን ከሥር ያነፍረዋል። ቀዳዳውን አስፍተው፣ በግንዱ ዙሪያ አንድ እፍኝ አፈር በላስቲኩ ላይ ቢያደርጉ ሁለቱም ይቆማሉ። ጉዳቱ ከላስቲኩ ጠርዝ ከፍታ ጋር ትክክል በሆነ ቦታ፣ በተለይም ፀሐይ በሚበረታበት በኩል ብቻ ከታየ ሙቀት መሆኑን ሊጠረጥሩ ይችላሉ።

ሆኖም ግንድ የሚያጠቁር ችግኝ ጣይ በሽታም አለ፤ እርሱ ደግሞ እርጥብና የታፈነ አፈር ይስማማዋል። ስለዚህ አጥብቄ የምጠይቅዎ ነገር አለ፦ ማንኛውንም ኬሚካል ገዝተው ከመርጨትዎ በፊት፣ የታመመ ችግኝና ገና ያልታመመ ችግኝ ሁለቱንም ከነሥራቸውና ከነአፈራቸው ነቅለው፣ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልለው በዚያው ቀን ለሰብል ጥበቃ ባለሙያ ያሳዩ። ያልታመመውን የምጨምረው ባለሙያው የሚያነጻጽርበት እንዲያገኝ ነው። በሽታው ባልታወቀበት የተረጨ መድኃኒት ገንዘብና ጊዜ ከማባከኑም በላይ፣ እውነተኛውን ምልክት ይሸፍናል።

ጥያቄ፦ ላስቲክ ከተዘረጋ ውርጭ አያሰጋም ማለት ነው?

መልስ፦ ማለት አይደለም፤ እንዲህ ብለው ተማምነው ችግኛቸውን ያጡ ሰዎች ስላሉ በግልጽ ልናገር። መሬት ላይ የተኛ ላስቲክ የሚያሞቀው ሥርን ነው። ቅጠሉ አየር ላይ ነው፤ ውርጭም የሚመታው ቅጠሉን ነው።

በቀስት ላይ ተወጥሮ ችግኙን በሙሉ የሚሸፍን ዝቅተኛ የላስቲክ ዋሻ የተሻለ ነው፤ እርሱም ቢሆን ወሰን አለው። ፖሊኢትሊን የሙቀት ጨረር ያሳልፋል ብያለሁ። ሰማዩ ጥርት ባለበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት፣ ዋሻው ውስጥ ያለው ሙቀት በዚያው በላስቲኩ አልፎ ይሄዳል፤ አንዳንድ ጊዜም የውስጡ አየር ከውጭው ትንሽ እስከ መቀዝቀዝ ይደርሳል። እዚህም የሚረዳው ውሃ ነው። አስቀድሞ በደንብ የጠጣ አፈር ቀን ብዙ ሙቀት ያከማቻል፣ ሌሊትም ቀስ እያለ ይለቀዋል። ውርጭ የሚያሰጋበት ሌሊት ላይ በዋሻው ላይ ወፍራም ጨርቅ ወይም ሌላ ሽፋን ደርበው፣ ጧት ይግፈፉት። ቀን ላይ ደግሞ ተቃራኒው አደጋ አለ፤ በብርዱ ወራት እንኳ ፀሐይ በወጣበት ቀን የተዘጋ ዋሻ ውስጡ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ጫፍና ጫፉን በየጧቱ መክፈት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መዝጋት የዕለት ሥራ ነው። ለዚህ ጊዜ የሌለው ሰው ዋሻ ባይሠራ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በላስቲክ ሥር በቀን ስንት ሊትር ውሃ ይጠጣ?

መልስ፦ እንደ አፈሩ፣ እንደ ሰብሉና እንደ አየሩ ይለያያል፤ የመስኖ ባለሙያ ያማክሩ። የዝናብ ውሃ ላስቲኩን አልፎ ስለማይገባ የጠብታ መስኖ ቱቦው ላስቲኩ ከመዘርጋቱ በፊት መነጠፍ እንዳለበት ብቻ አይዘንጉ።

ጥያቄ፦ ይህ ሙቀት በአፈር ውስጥ ያለውን የበሽታ ዘር ይገድላል ተብሏል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ሁለት ሥራዎች ተቀላቅለውብዎታል። አፈርን በፀሐይ የመቀቀል ዘዴ አለ፤ የእስራኤል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ውጤቱን ካሳተሙ ወዲህ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ነገር ግን እርሱ የሚደረገው በዓመቱ እጅግ ሞቃት በሆነው ወቅት፣ ምንም ባልተዘራበት እርጥብ መደብ ላይ፣ ጥርት ያለ ላስቲክ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ዘርግቶ ነው። በብርድ ወራት ለዘር የሚበቃ ሙቀት ለበሽታም የሚመች እንጂ የሚገድል አይደለም።

ጥያቄ፦ አንድ አንባቢ ርካሽ ሆኖ ስላገኙት እጅግ ስስ የሆነ ላስቲክ ተጠቅመዋል። ምርቱን ከሰበሰቡ በኋላ ሊያነሡት ሲሞክሩ በእጃቸው ላይ እየተቀደደ አስቸግሯቸዋል። ይህን ያህል ከሳሳ ገልብጬ ባርሰው በራሱ አይበሰብስም ወይ? ወንድሜም የሚበሰብስ ላስቲክ አለ ብሎኛል ይላሉ።

መልስ፦ እባክዎ ገልብጠው እንዳያርሱት። ሌሎች ሦስት አንባቢያንም ይህንኑ በተለያየ አነጋገር ስለ ጠየቁ ምክንያቱን በዝርዝር ልጻፍ።

መሳሳትና መበስበስ አይገናኙም። የተቀበረ ገለባ የሚጠፋው ስስ ስለ ሆነ ሳይሆን፣ በአፈር ውስጥ ያሉ ዓይን የማያያቸው ሕያዋን ምግብ አድርገው ስለሚበሉት ነው። ፖሊኢትሊን ለእነርሱ ምግብ አይሆንም። ፀሐይ ላይ ሲቆይ ይደርቃል፣ ይሰባበራል፤ አፈር ውስጥ ሲገባ ግን ከፀሐይም ስለሚሰወር መሰባበሩ ራሱ ይዘገያል። ይህ ቁስ በፋብሪካ ለማምረት በሚያመች መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1933 በእንግሊዝ አገር ነው። ገና መቶ ዓመት አልሞላውም፤ ማሳ ውስጥ ተቀብሮ ዕድሜውን ጨርሶ ሲጠፋ ለማየት የበቃ ትውልድ የለም ማለት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ላስቲክ መጠቀም ካቆመ በቆየ አንድ ማሳ ላይ፣ የቀጨጨ የቲማቲም ተክል ከነሥሩ በዶማ አውጥቼ ነበር። ጓሉን በእጄ ስሰብረው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ መዳፍ የምታህል የላስቲክ ቁራጭ በመካከሉ ተጋድማ አገኘሁ። ዋናው ሥር ቁልቁል ወርዶ ቁራጯን ሲነካ ወደ ጎን ታጥፎ፣ እስከ ጠርዟ በላይዋ ተስቦ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ እንደገና ወደ ታች ጀምሯል። ከቁራጯ በላይ ያለው አፈር በጣት ሲጫኑት ውሃ የሚያወጣ ጭቃ ነበር፤ ከሥሯ ያለው ግን እንደ ዱቄት የሚበን ደረቅ አፈር ነበር። አንዲት ቁራጭ ይህን ካደረገች፣ በየዓመቱ ገልብጠን የምናርሰው ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም። ውሃ የሚወርድበትንና ሥር የሚሄድበትን መንገድ በገዛ እጃችን ንጣፍ በንጣፍ እንዘጋዋለን።

ይህን በሰፊው ያየችው አገር ቻይና ናት። በሰሜን ምዕራብ በሺንጂያንግ ጥጥ በላስቲክ ሽፋን በእጅጉ ሲስፋፋ ምርቱ አደገ፤ እጅግ ስስ የሆነው ላስቲክ ግን ሳይሰበሰብ እየቀረ በአፈሩ ውስጥ ተከማቸ፣ ችግሩም «ነጭ ብክለት» የሚል ስም ወጣለት። እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ ላይ የዋለው የአገሪቱ ደረጃ ዝቅተኛውን ውፍረት ከ0.008 ሚሊ ሜትር ወደ 0.010 ከፍ አደረገ። ሁለት ሺኛ ሚሊ ሜትር ለሚሰማው ምንም አይመስልም፤ በእጅ ስቦ ለሚያነሣው ግን ሳይቀደድ በመምጣትና በመበጣጠስ መካከል ያለ ልዩነት ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ጥናት መሠረት በሰብልና በእንስሳት እርባታ ሥራ ላይ በዓመት 12.5 ሚሊዮን ቶን የፕላስቲክ ውጤት ይውላል፤ ከዚህ ውስጥ የአፈር ሽፋን ከአፈር ጋር በቀጥታ የሚገናኘውና ለመሰብሰብ የሚያስቸግረው ነው።

ወደ ወንድምዎ ነገር እንምጣ። የሚበሰብስ ላስቲክ በእርግጥ አለ፤ ነገር ግን በዚያ ስም ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ይሸጣሉ። አንደኛው ተራ ፖሊኢትሊን ሆኖ ቶሎ እንዲሰባበር ቅመም የተጨመረበት ነው። እርሱ ከዓይን ይጠፋል እንጂ ከአፈር አይጠፋም፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ለገበያ እንዳይቀርብ የከለከለውም ለዚህ ነው። ሁለተኛው በአፈር ውስጥ ያሉ ሕያዋን ሊበሉት የሚችሉ ቁሶች የተሠሩበት ነው። ለዚህኛው አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2018 ደረጃ አውጥታለታለች፤ በደረጃው መሠረት በአፈር ውስጥ ሲፈተን ቢያንስ 90 በመቶው በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለወጥ አለበት። ፈተናው የሚደረገው ግን ከ20 እስከ 28 ዲግሪ በሆነ ሙቀት ነው። እኛ ላስቲክ የምንዘረጋው አፈሩ ስለ ቀዘቀዘ መሆኑን ያስታውሱ፤ በቀዝቃዛ አፈር መበስበሱ ይዘገያል። ስለዚህ ሻጩ «ይበሰብሳል» ሲልዎ በየትኛው ደረጃ ተፈትኖ እንዳለፈ የሚገልጽ ሰነድ ይጠይቁ፤ ሰነድ ከሌለው እንደ ተራ ላስቲክ ቆጥረው እስከ መጨረሻው ቁራጭ ይሰብስቡት።

አሁን በእጅዎ ያለውን ስስ ላስቲክ እንዴት ያነሡታል? መጀመሪያ ግንዶቹን ከመሬት አስተካክለው ይቁረጡና የጠብታ ቱቦውን ያውጡ። አፈሩ ደርቆ ከጠነከረ ትንሽ አጠጥተው አንድ ሁለት ቀን ይጠብቁ፤ ጭቃ ከሆነ ደግሞ ጠፈፍ እስኪል ይተዉት። የተቀበሩትን ዳሮች በዶማ ወይም በሹካ ከሥር እያነሡ እንዲላሉ ያድርጓቸው፤ ላስቲክ የሚበጠሰው ብዙውን ጊዜ ዳሩ ሳይላላ መሀሉ ሲጎተት ነው። ከዚያ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ቆመው ዝቅ ብለው፣ ወደ ላይ ሳይስቡ፣ በእንጨት ላይ እየጠቀለሉ ወደ ፊት ይሂዱ። ከኋላ አንድ ሰው ከረጢት ይዞ የተበጠሰውን ይልቀም። አድካሚ ነው፤ ግን የዚህ ዓመት ቁራጭ ዛሬ መዳፍ ያህላል፣ አንዴ ከታረሰ ደግሞ ጥፍር ያህላል፣ ያን ጊዜ የሚለቅመው አይገኝም።

ለሚቀጥለው ጊዜ የምመክረው ላስቲክ ሲመርጡ ስለ አነሣሡ አስቀድመው እንዲያስቡ ነው። 25 ማይክሮን፣ ማለትም 0.025 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረት ያለውን ይያዙ። አንድ ሜትር ስፋትና መቶ ሜትር ርዝመት ያለው የ25 ማይክሮን ላስቲክ 2.3 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የ10 ማይክሮኑ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ይህን ቁጥር በደብተርዎ ይጻፉት። ሲያነሡም ከአንዱ መስመር የወጣውን በውሃ አጥበው፣ አድርቀው ይመዝኑ፤ የጎደለው ማሳዎ ውስጥ የቀረው ነው። ቀጥ ብሎ በሚያድግ ሰብል፣ ለምሳሌ በበቆሎ፣ እስከ ምርት ስብሰባ መጠበቅም አያስፈልግም። ቅጠሉ መሬቱን በጥላው ሲሸፍነው ፀሐይ ላስቲኩ ላይ መድረሷ ስለሚቀር የማሞቁ ሥራ በአብዛኛው አልቋል፤ ላስቲኩ ገና ጠንካራ ሳለ በመስመሩ መካከል ሰንጥቀው ቢያወጡት በጥቂት ሰዓት ይነሣል። እንደ ሐብሐብ ያለ የሚሳብ ሰብል ግን ሐረጉ ስለሚጎዳ እስከ መጨረሻው መጠበቅ ግድ ነው።

ጥያቄ፦ ሌላ አንባቢ የሰበሰቡትን አሮጌ ላስቲክ በማሳው ዳር እያቃጠሉ ነው። በደብዳቤያቸው መጨረሻ ላይ፣ እንደ ዋዛ፣ አስም ያለባቸው አባታቸው ከዚያ ወዲህ ሳል እንደ በረታባቸው ጠቅሰዋል። የጠየቁኝ ግን አመዱ ለማዳበሪያ ይሆን እንደሆነ ነው።

መልስ፦ አመዱ አይሆንም። አሁን ወደ አባትዎ ጉዳይ እንመለስ። ማቃጠሉን ዛሬውኑ ያቁሙ፤ አባትዎንም ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱ፣ ለሐኪሙም ምን ዓይነት ጭስ፣ ለስንት ቀን እንደ ተነፈሱ በግልጽ ይንገሩ። አፈርና የተባይ መድኃኒት ቅሪት የያዘ እርጥብ ላስቲክ ሜዳ ላይ ሲቃጠል በደንብ ስለማይነድ ጭሱ ሳንባ የሚያስቆጡ ብዙ ነገሮችን ይሸከማል፤ አስም ላለበት ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ትንፋሽ አጥሯቸው አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታቸው ወይም ከንፈራቸው ከጠቆረ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይሂዱ። ይህን ለወጉ ያህል የተጻፈ ምክር አድርገው እንዳያልፉት አደራ እላለሁ።

የተሰበሰበውን ላስቲክ አራግፈው፣ አድርቀው፣ ጠቅልለው ከዝናብ በሚጠለልበት ቦታ ያስቀምጡ። አሮጌ ላስቲክ የሚረከቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ እምቢ የሚሉት ከራሱ ክብደት የሚበልጥ አፈር ስለሚሸከም ነው፤ የተራገፈና የደረቀ ሲሆን የመቀበል ዕድሉ ይሰፋል። ከብቶች እንዳይበሉትና ጎርፍ እንዳይወስደውም ይጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያውን ሰብል ካነሡ በኋላ በዚያው ላስቲክ ላይ ሁለተኛ ሰብል መትከል ይቻላል?

መልስ፦ ላስቲኩ ካልተቀደደ ይቻላል፤ የቀደመውን ተክል ሳይነቅሉ ከመሬት አስተካክለው ቆርጠው፣ በአሮጌዎቹ ቀዳዳዎች መካከል አዲስ ቀዳዳ ከፍተው ይትከሉ። በዚያ ጊዜ አየሩ ከሞቀና ላስቲኩ ጥቁር ከሆነ፣ ለአዲሶቹ ችግኞች ሙቀቱ እንዳይበዛባቸው ላዩን በኖራ ውሃ ነጣ አድርገው ይቀቡት። ጣትዎን ወደ ላስቲኩ ጫን ሲያደርጉት ወዲያው የሚበሳ ከሆነ ግን ለሁለተኛ ሰብል አይተዉት፤ አሁኑኑ ያንሡት።